ሰማንያ ምት ዕረፍት

«አልችልም» የምትለዋ ቃል ከአፌ አትወጣም። ምን አባቴ ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው! አሜሪካ፣ ሴንት ፖል የገባሁ ሰሞን በረዶ ላይ መንዳት ትችላለህ ወይ ሲሉኝ «እንዴታ!» ብዬ፣ በዚያው ሳምንት ከነመኪናዬ የሰው አጥር ውስጥ ተገኝቻለሁ።

የሆርኑም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ በማርሽ ባንድ ውስጥ ሆርን የሚሉትን ጥምዝምዝ የናስ ጥሩምባ እነፋ ነበር። እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስሠራ፣ እናቱ እኛ ዘንድ የሚኖሩ ዴቪድ የሚባል ሰው ወሬዬን ሰማ። በጥንት መሣሪያ የጥንት ሙዚቃ የሚጫወት የአማተሮች ቡድን አለን፣ ከእኔ ሌላ ሁለተኛ ሆርን ነፊ ጎድሎናል፣ የጥንቱን ትችለዋለህ ወይ አለኝ። ሆርን ያው ሆርን አይደል? «ኖ ፕሮብሌም» አልኩት።

መሣሪያውን ሳየው ላብ አጠመቀኝ። በጣት የሚጫኑት ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም! ቃናው እንዲለወጥ ከተፈለገ ከአፍ መንፊያው ሥር ያለውን ጥምዝ ቱቦ ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው። ያውም በጨዋታው መሃል፣ ሰው እያየ። የድሮዎቹ ነፊዎች እንዴት ይሆኑ ነበር ብዬ ዴቪድን ጠየቅሁት። ቱቦዎቻቸውን ጭናቸው ላይ ደርድረው፣ ወይም ወንበራቸው ላይ አንጠልጥለው ይቀመጡ ነበር አለኝ። አዛኝ ደራሲ መቀየሪያ የሚሆን ዕረፍት ይጽፍላቸዋል። ካልጻፈላቸው አንዱ ሲቀይር አንዱ ይነፋል። ቀዝቃዛ ቱቦ ደግሞ ድምፁ ስለሚወርድ፣ ቀደም ብለው በትንፋሻቸው ያሞቁታል። እንግዲህ በሚኒሶታ ጥር አስቡት! ቱቦ ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ስዞር ከረምኩ። ሚስቴ ሰብለ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ሆንክ እንዴ ትለኛለች።

እንዲህ የለፋሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሰብለ አባት አቶ ገብሬ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። እሳቸው የሚያውቁት ጥሩምባ የእድሩን ብቻ ነው። ስንጋባ «ልጄን ለጥሩምባ ነፊ!» ብለው አልቅሰዋል አሉ። አሥር ዓመት ሙሉ በደወሉ ቁጥር ስለ እኔ የሚጠይቁት «ያ ሰውዬ ደህና ነው?» እያሉ ነው። አንድ ቀን ልጄ ቢሉኝ ብዬ ቋምጬ ነበር። ምን እደብቃለሁ? ስነፋ ቢሰሙኝ ልባቸው ይራራል ብዬ ጋበዝኳቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ ያለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ። ጨዋታው ሲጀመር የሰብለና የአባቷ ወንበር ባዶ ነው። ለካ ፓርኪንግ አጥተው እየዞሩ ኖሯል። የመጀመሪያውን ክፍል በሰላም ነፋሁ። ከዚያ ሰማንያ ምት ዕረፍት መጣ። አንዱን ቱቦ ነቅዬ ጭኔ ላይ ከሌሎቹ ጋር አኖርኩና፣ እየቆጠርኩ ተረኛውን ማሞቅ ጀመርኩ።

ሃምሳ ሁለት ላይ በሩ ተከፈተ። አቶ ገብሬ ገቡ።

እግሬ እኔን አላማከረኝም። ብድግ ብዬ እጅ ነሣሁ። አማት ገብተው ቁጭ ይባላል እንዴ? ጭኔ ላይ የነበሩት ቱቦዎች እንደ ድስት ክዳን እየተንኳኩ ወደ ቫዮሊኖቹ ተንከባለሉ። ወንበር ለወንበር እየዳህኩ ስለቅም ሰማንያው ምት አለፈ፤ ዴቪድ ምስኪን ለሁለታችንም ነፋ። የመጨረሻውን ቱቦ ይዤ ብቅ ስል ጨዋታው አልቆ ሰው ያጨበጭባል። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መሪያችን ጨዋ ሴት ናት፣ ፈገግ ብላ «እንደውልልሃለን» አለችኝ። ያን ጊዜ ሆርን ነፊነቴ እንዳበቃ ገባኝ።

አንገቴን ደፍቼ ስወጣ አቶ ገብሬ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ልጄ!» አሉና አቀፉኝ። «ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ ለሽማግሌ የተነሣ አንተ ብቻ። ያሳደጉህ ይባረኩ!»

እኔም እንባዬ መጣ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ደግሞ ሳይህ አንዴም አልነፋህ፤ ሌላው ሰውዬ ነው የሚነፋው። ተውከው ማለት ነው? ተመስገን! መቼ ተውከው?» አሉኝ።

«ዛሬ» አልኳቸው።