የእትዬ አሰለፈች ጠብታ

በየከተማው ማንም ሳይሾመው ሐኪም የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። ነጭ ጋውን የለውም፣ የምስክር ወረቀት የለውም፣ ግን ሰው ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ከማለቱ በፊት መድኃኒቱን ያዝዛል። ወልድያ ላይ ሦስት አራት አሉ ይባላል፤ የሐራ ከተማም አታጣም። መርሳ ግን ያሏት አንድ ብቻ ናቸው፤ ለአንድ ከተማ እሳቸው ይበቃሉ። እነሆ፣ ክብርት እትዬ አሰለፈች።

ክብራቸውን ከማንም በላይ የምታውቀው ነሲባ ናት። ነሲባ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ባለሙያ ስትሆን፣ እትዬ አሰለፈች ደግሞ ከባንኮኒው ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ወንበር ባለቤት ናቸው። ወንበሯ የተቀመጠችው ለበሽተኛ ነበር። እሳቸው ግን ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጡና እስከ ምሳ ሰዓት ይሰየሙባታል። ማዘዣ ይዞ የገባ ሁሉ በእሳቸው በኩል ያልፋል። «ምንህን ነው? ሆድህን? ከመቼ ጀምሮ? ምን በልተህ?» ምርመራው ሲያበቃ ወደ ነሲባ ዞረው፣ «በይ ስጪው፤ ልክ ነው ያዘዘለት» ይላሉ። ሐኪሙ ባለመሳሳቱ ትንሽ ቅር ያላቸው ይመስላሉ።

«ያ ረቢ፣ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ» ትላለች ነሲባ ወደ መደርደሪያው ዞራ።

ሶብሩ የተፈተነው አንዲት ጠርሙስ ስትመጣ ነው። አዲስ አበባ ማሳጅ ቤት የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ሜሮን፣ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ጠርሙስ ላከችላቸው። ውስጧ ያለው ከስታር አኒስ፣ ከዚያ ኮከብ ከሚመስለው የሩቅ ምሥራቅ ቅመም፣ የወጣ ዘይት ነው። ሜሮን በስልክ፣ «አክስቴ፣ ለማሽተት ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ሙቅ ውኃ ላይ ጣል አድርገው መስኮት ከፍተው ይቀመጡ» ብላቸው ነበር። እሳቸው ግን ክዳኑን ከፍተው አንዴ ሳብ ሲያደርጉት ፊታቸው በራ።

«እንስላል ነው!» አሉ። «ጓሮዬ ያለው እንስላል! እናቴ እያፈላች ያሳደገችኝ!»

እዚህ ላይ አይፈረድባቸውም። ሽታው ቁርጥ እንስላል ነው። መርሳ ላይ ደግሞ እንስላል ሆዱን የቆረጠው ሁሉ አፍልቶ የሚጠጣው ነገር ነውና ፈርቶት የሚያውቅ የለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚጠራጠራቸው ሰው ሲገኝ ጠርሙሷን አፍንጫው ሥር ደግነው አንድ ቃል ብቻ ይሉታል፦ «ሽታው ምስክር ነው!»

መጀመሪያ የታከመው ባጃጅ ነጂው ኡበይደላ ነው። አንገቱን ይዞት ነበር። እትዬ አሰለፈች ዘይቱን ምንም ሳይቀላቅሉ እንደ ቅባት አሹለት። ዘይቱ ደግሞ ኃይሉ እንዳይተኛ ብለው መስኮት ላይ ፀሐይ ሲያስመቱት የሰነበተ ነው፤ የመርሳ ፀሐይ ደግሞ የታወቀ ነው። ኡበይደላ በማግስቱ አንገቱ በርበሬ መስሎ መጣ። ለሦስት ቀን ግራና ቀኙን ማየት ስላልቻለ መንገዱን ያይለት የነበረው ተሳፋሪ ነው። ቀጥሎ ተራው የማኅበራቸው ሴቶች ሆነ። እትዬ አሰለፈች በርና መስኮት ዘግተው የጠርሙሷን ሩብ የፈላ ድስት ውስጥ ገለበጡት። ሴቶቹ ራሳቸውን ይዘው አንድ በአንድ ሲወጡ፣ «አያችሁ፣ መጥፎው ሁሉ እየወጣ ነው» አሉ።

ነሲባ ወልድያ ያለ የቀድሞ መምህሯ ዘንድ ደውላ ጠየቀች። የነገራትንም በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ጻፈችው። አይጠጣም። ገላ ላይ ብቻውን አይነካም፤ ለአንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ሦስት ጠብታ ይበቃል። የሚሸተተው መስኮት ተከፍቶ፣ ከግማሽ ሰዓት ሳይበልጥ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይሞክረው። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባና ለሕፃን ጭራሽ አይሆንም። ፀሐይ አይየው፣ ክዳኑ ይጥበቅ።

ካርቶኑን ኪሷ ከተተችው። ለብቻቸው አግኝታ በቀስታ ልትነግራቸው ነበር ሐሳቧ፤ እናቷን የሚያህሉ ሴት እንዴት ተደርገው ይታረማሉ? ዛሬ ነገ ስትል ሦስት ቀን አለፈ። ሙቀቱ ይሁን ሐሳቡ፣ ሰሞኑን ምሳዋን እንኳ እየገፋች ነበር።

በአራተኛው ቀን ገበያ ነው። መድኃኒት ቤቱ ሰው ጢም ብሎበታል። ራሄል የሁለት ወር ልጇን ታቅፋ ገባች፤ ሕፃኑ እግሩን ወደ ሆዱ እያጠፈ ይንጨረጨራል። እትዬ አሰለፈች ከአግዳሚያቸው ተነሡ።

«ቁርጠት ነው እኮ፣ የኔ እናት! አፉን ክፈችልኝ። አንዲት ጠብታ ምላሱ ላይ፣ ወዲያው ነው ጸጥ የሚል።»

«ምንድን ነው እሱ፣ እትዬ?»

«ሽታው ምስክር ነው!»

ጠርሙሷ ዘመም ስትል ነሲባ ከባንኮኒው ኋላ እንዴት እንደወጣች አታውቀውም። የሳል ሽሮፑን ካርቶን ጥላ፣ ሰው ገፍትራ፣ የእትዬ አሰለፈችን እጅ ለቀም አደረገች። ዘይቱ ነጠላቸው ላይ ተንጠፈጠፈ።

«ይተዉ! ሊገድሉት ነው እንዴ?»

ነሲባ እንስላል አለመሆኑን፣ ለሕፃን መርዝ ሊሆን እንደሚችል፣ ለምታጠባም ለነፍሰ ጡርም እንደማይሆን፣ በካርቶኑ ያለውን በሙሉ ሰው ሁሉ ፊት ዘረገፈችው። እትዬ አሰለፈች ክዳኑን ገጠሙ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። ራሄል ልጇን ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ተራ ቁርጠት ነው ተብሎ በሰላም ተመለሰ።

በማግስቱ አግዳሚዋ ባዶዋን ዋለች። በሦስተኛውም ቀን ባዶ ናት። ሶብር ስትለምን የኖረችው ነሲባ ጠባቧ ቤት ሰፋችባት። ማዘዣ ይዞ የሚገባው ሁሉ አግዳሚዋን አይቶ፣ «እትዬስ? አሟቸው ነው?» ይላታል። አልታመሙም። ከአስፋልቱ ማዶ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆመዋል። በየጠዋቱ እዚያ ይመጣሉ፣ መድኃኒት ቤቱን ያያሉ፣ ግን አይሻገሩም። ነሲባ በእጇ ሰላም ስትላቸው እሳቸውም በእጃቸው ወዲያ፣ ወዲያ ይሏታል።

«ተቀይመውኛል» አለችው ለባሏ ለዛኪር።

«ትልቅ ሰው አስቀይሞ ማደር ጥሩ አይደለም» አለ ዛኪር። «ሂጂና አፉ ይበሉኝ በያቸው።»

በስድስተኛው ቀን አስፋልቱን ተሻገረች። ዐሥር እርምጃ ያህል ሲቀራት እትዬ አሰለፈች መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እዚያው ቁሚ!»

«እትዬ፣ አፉ ይበሉኝ። ሰው ፊት እንደዚያ…»

«ቁሚ አልኩሽ እኮ! አትጠጊኝ!» ወደ ኋላ ሸሹ፤ ጀርባቸው ከኒሟ ተጋጨ። «ነጠላዬ ላይ የፈሰሰው አለቅም ብሎኛል። ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ቀሚሴም እንደዚያው ይሸታል። ለነፍሰ ጡር አይሆንም ያልሽው አንቺው አይደለሽም?»

ነሲባ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ማንም የለም።

ማርገዟን ራሷ ካረጋገጠች ገና ዘጠኝ ቀኗ ነው። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ስለሆነ፣ እንዳይጨነግፍባት ፈርታ ለዛኪር እንኳ አልተነፈሰችም።

«ማን ነገረዎት?» አለች።

«ማን ይነግረኛል! ዛኪር የቋጠረልሽን ሽሮ ከፈት አድርገሽ፣ አፍንጫሽን ይዘሽ ወደ ጓዳ ስትሮጪ ሁለቴ አይቼሻለሁ። ምን ምስክር ያስፈልገዋል?» ዓይናቸውን በነጠላቸው ሊጠርጉ አነሡና፣ ሽታው ትዝ ሲላቸው በእጃቸው ጀርባ ጠረጉት። «ስንት ዓመት ስትማስኚ አይቼሽ፣ አሁን እኔ ላበላሽብሽ? እስኪለቅልኝ ድረስ ከዚህ ሆኜ እጠብቅሻለሁ።»

ነጠላ ላይ የቀረ ሽታ ከመንገድ ማዶ ቀርቶ ከአግዳሚዋም ላይ ሆኖ ምንም እንደማያደርጋት ነሲባ አሳምራ ታውቃለች፤ የተማረችው ነው። ልትነግራቸው አፏን ከፈተች።

ተወችው። «እሺ፣ እትዬ» አለች። ተመልሳ አግዳሚዋን ከመድኃኒት ቤቱ አወጣች፤ አስፋልቱን አሻግራም ኒሟ ሥር አስቀመጠችላቸው።

አሁን ማዘዣ የያዘ ሰው መጀመሪያ እዚያ ይቆማል። ምርመራው በአንድ ጥያቄ ጨምሯል፤ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ እንኳ ቢሆኑ ሳይጠየቁ አያልፉም። «ነፍሰ ጡር አይደሉም? አያጠቡም? በሉ እንግዲያው ይሻገሩ፤ ልጅቱን ግን ብዙ እንዳያስቆሟት።»