የባንጃሩ ቆብ ሰፊ ረጅሟን ሞተር እንደ ሞከረ

ዘመነ ስኩተር በተባለው ዘመን በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ፖም ተለቅሞ ካለቀ በኋላ የዳሸራ በዓልም ከመግባቱ በፊት ባለው ወራት፣ ስዩመ መርፌ ወፈትል፣ ርእሰ ሰፋዮች፣ የተራራማይቱን ከተማ የባንጃርን ራሶች ሁሉ በቆብ ያስገበረ፣ ቁመቱ አጭር ክብሩ ረጅም የሆነ ዱኒ ቻንድ ሞተር ሊሞክር ተነሣ። ይህንንም ስንጽፍ ያየነውን አይተን፣ ያላየነውን ካዩት ጠይቀን ነው፤ ከራሳችን የጨመርነው ጥቂት ነው።

የመነሣቱም ምክንያት እንዲህ ነው። ሚስቱ ቢምላ ከባንጃር በላይ ካለችው ከካንዲዳር መንደር የተወለደች ናት፤ ወደዚያ የሚወጣው መንገድ ግን እኩሌታው ላይ መንገድነቱን ይተውና ድንጋይና ጭቃ ይሆናል፣ በላዩም ወንዝ ያቋርጠዋል። በያመቱ ለዳሸራ በስኩተር ወደ እናቷ ቤት ሲሄዱ ስኩተሯ ከወንዙ ስትደርስ ነፍሷን ትሰጣለች፤ ቢምላም ወርዳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ጉልበቷ ውኃ ገብታ ትገፋለች። ከወንዙ በላይ ካለው መታጠፊያም ታናሽ ወንድሟ ሎት ራም፣ ምላሰ ረጅሙ፣ የመንደሩን ጎረምሶች ሰብስቦ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቃል። በዚያ አገር ወንድም የእህቱን ባል ጂጃጂ ብሎ ይጠራልና፣ በያመቱ ከመታጠፊያው ላይ እንዲህ ሲል ያውጅ ነበር፦

«ኧረ ኑ ተመልከቱ! ጂጃጂ መጡ! መጡ እንኳ አይባልም፤ እህቴ እየገፋች አመጣቻቸው። ጂጃጂ፣ ለከርሞ ስኩተሯን ቤት ትተው ይምጡ፤ እህቴ ትረፍ!»

ዱኒ ቻንድም ይህን እየሰማ፣ ቆቡን እያስተካከለ፣ የተደሰተ ለመምሰል እየሣቀ፣ አሥራ አንድ ዓመት ታገሠ።

በዚያም ዓመት ከቆብ መስፊያው ሱቅ ፊት ለፊት ባለው የሞተር መሸጫ ሁለት መቶ ሲሲ የምትባል ተራራ ወጭ ሞተር መጥታ ቆመች፤ እግሯ እንደ ሽመላ የረዘመ፣ አፍንጫዋ እንደ ቁራ የሾለ፣ ጎማዋ እንደ ጎልማሳ በሬ ሰኮና የጠነከረ። ዱኒ ቻንድም በመስኮት እያያት ሲሰፋ የሁለት ሙሽሮችን ቆብ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ ሰፋ። ነገሩም ወደ ቢምላ ጆሮ ደረሰ። በአገሩ ልማድ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራምና፣ በልጃቸው ስም ጠርታው ከወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ይህን አዋጅ አስነገረች፦

«የፒንኪ አባት፣ ይስሙኝማ! ሞተር ሞተር እያሉ በእንቅልፍዎ ሳይቀር እየተራገጡ አላስተኛ አሉኝ። እሺ። ከሱቁ ደረጃ ላይ ሆኜ እወጣባታለሁ፤ እናቴ ግቢ እስክደርስ እግሬ መሬት ካልነካ፣ ይግዟት። ከነካ ግን፣ አንዴም ቢሆን፣ የሞተር ስም በዚህ ቤት አይነሣም፤ እስክናረጅ እርስዎ በስኩተርዎ፣ እኔም በግፊቴ። ጨርሻለሁ፤ ምስሩ እያረረ ነው።»

በተቆረጠውም ቀን ዱኒ ቻንድ ወደ ሞተር መሸጫው ወጣ። አብረውት የሄዱትም እነዚህ ናቸው፦ በፊቱ እናቱ አማ፣ የብርቱካንማ አበባ ጉንጉን፣ ቀይ ዱቄት፣ ኮኮናትና ሎሚ በቅርጫት ይዘው፤ በኋላው ቢምላ፣ የበዓል ጫማዋን ተጫምታ፤ ከእርሷ በኋላ ፀጉር አስተካካዩ ከነምላጩ፣ የፊቱ እኩሌታ የተላጨ ደንበኛውም ከነአረፋው፤ በመጨረሻም በገበያው መካከል የሚተኛው የማንም ያልሆነው በሬ። የሱቁም ሻጭ ጎልዲ፣ ፀጉሩ በቅባት የሚያበራ ወጣት፣ የራስ ቁር አቀረበ። ዱኒ ቻንድ ግን ከተዳረ ጀምሮ በአደባባይ ራሱን ገልጦ አያውቅም ነበርና ቁሩን ከቆቡ በላይ ሊያደርገው ታገለ፤ ቁሩም እንደ ድስት ክዳን ከላይ ቀረ። በመጨረሻም ዓይኑን ጨፍኖ ቆቡን አወለቀ፣ በደረቱ ውስጥ ሸጎጠው፣ ቁሩንም ደፋ።

ከደረጃው ላይ ሆኖ በሞተሯ ላይ በተቀመጠ ጊዜም ታላቅ ነገር ታየ፤ ሁለቱ እግሮቹ በግራና በቀኝ በአየር ላይ ተንጠለጠሉ፣ መሬትም ከታች ሩቅ ነበረች። ፀጉር አስተካካዩ «ኧረ መሰላል አምጡለት!» ብሎ አወጀ። ጎልዲ ግን ሻጭ ነውና በዚህ አልደነገጠም፤ በአገሩ የጌትነት መጠሪያ ጠርቶ «ታኩር ሳሂብ፣ ምንም አይደል! የሚሄድ ሰው መሬት ምን ያደርግለታል?» ሲል አስነገረ። ደግሞም ሙከራው እስከ ነዳጅ ማደያው ደርሶ መመለስ ብቻ እንደ ሆነ፣ ሞተሯም የመሞከሪያ እንጂ የምትሸጥ እንዳልሆነች፣ ከሰዓትም ሌላ ሰው ሊሞክራት እንደሚመጣ አስታወቀ።

ይህን ሲናገር ግን አማ የሞተሯን የፊት መብራት ግንባር በቀይ ዱቄት ቀብተው፣ መሪዋ ላይ ጉንጉን አንጠልጥለው፣ ኮኮናቱን ከደረጃው ጋር አጋጭተው ሰብረው፣ ሎሚውን ከፊት ጎማዋ ሥር ሊያኖሩ ጎንበስ ብለው ነበር፤ አዲስ ሞተር ገዝቶ ቤቱ የሚወስድ ሰው በአገሩ የሚያደርገውን ሁሉ ለመሞከሪያይቱ አደረጉላት። ጎልዲም «አማ፣ ተዉ እንጂ፣ ገና አልተገዛችም!» ብሎ ቢጮኽ እንዲህ ብለው አወጁበት፦ «ዝም በል አንተ ልጅ! ሎሚ ሳይረግጥ የልጄን ነፍስ የሚሸከም ጎማ የለም። ስኩተሯንም የባረክኋት እኔ ነኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው አልገደለችም።»

ወእምዝ ቢምላ ከደረጃው ላይ ሆና ከባሏ ኋላ በጎን ተቀመጠች፣ ዱኒ ቻንድም ማርሽ አስገባ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፣ ጎማውም ሎሚውን ጨፍልቆ ወጣ፣ በሬውም ነቅቶ መንገድ ለቀቀ። ነዳጅ ማደያው ጋ በደረሰ ጊዜ ሊመለስ ይገባው ነበር፤ እርሱ ግን አልተመለሰም፣ ወደ ካንዲዳር ዳገት ታጠፈ እንጂ። ጎልዲም ይህን አይቶ «ሌባ!» ብሎ፣ ወዲያው «አይ፣ ታኩር ሳሂብ!» ብሎ፣ በመያዣነት የተተወችለትን ስኩተር አስነሥቶ ተከተለው፤ አማም ሳይጠሩ ከኋላው ተቀመጡ።

በመጀመሪያው መታጠፊያ የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶት መጣ። እግሩ መሬት ለማይደርስ ሰው መቆም ከመሄድ ይልቅ የከፋ ነውና ዱኒ ቻንድ ላብ በላብ ሆነ፤ ነገር ግን ከገደሉ አፋፍ ያለውን ነጭ የድንጋይ አጥር አይቶ ወደ እርሱ ተጠጋ፣ ግራ እግሩንም በአጥሩ ላይ አሳርፎ፣ እንደ ድል አድራጊ ቆሞ፣ በጎቹ እስኪያልፉ ጠበቀ። እረኛውም በአድናቆት አየው፤ ጥበብ መሰለው።

ከዚያም ወደ ወንዙ ደረሰ። በዚያ አጥር የለም። ሞተሯም እያጓራች ገባች፣ ውኃውንም በግራና በቀኝ ከፈለችው፣ ዱኒ ቻንድም «አሁን አለፍኩ» ብሎ በልቡ ባሰበ ጊዜ የፊት ጎማው ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፣ የሞተሯም ድምፅ በወንዙ መካከል ጠፋ። ሞተሯ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረች። እርሱም ግራ እግሩን ዘረጋ፣ ምንም አላገኘም፤ ይበልጥ ዘረጋ፣ ውኃ አገኘ፤ በዚያች ቅጽበት ጎኑን አንዳች ነገር በኃይል መታው፣ ከኋላውም ጩኸት ሰማ፣ አንድ የሴት ጫማም በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሲያልፍ አየ። ከዚያ የእግሩ ጣት ጫፍ አንዲት ድንጋይ አገኘች፣ በእርሷም ላይ ሞተሯ ቆመች፣ እርሱም ማስነሻውን ተጫነ፣ ተነሣችም፣ ወጡም።

ወደ ኋላው ግን አልዞረም። የቢምላ እግር መሬት ነክቶ እንደ ሆነ አላየምና፣ ለመጠየቅም ፈራ። አሥራ አንዱ ዓመት ሁሉ በዚያች ጫማ ላይ ተጭኖ ቁልቁል ሲሄድ ታየው።

በላይኛው መታጠፊያ ሎት ራም የእህቱን አዋጅ በወሬ ሰምቶ ከጎረምሶቹ ጋር ገና መድረሱ ነበር፤ ሞተሯ ሳትገፋ ስታልፈው ሻዩ በእጁ ቀረ፣ ሮጦም ተከተላቸው። ዱኒ ቻንድ ወደ አማቱ ግቢ ገባ፣ ማቆም ግን አልተቻለውም፤ የሚደገፍበት ነገር የለምና። አንድ ጊዜ ግቢውን ዞረ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ ደግሞ ዞረ፣ አማቱ የሲዱ ዳቦ በእጃቸው እንደ ያዙ በእልልታ ተቀበሉት፣ በክብር የሚዞር መስሏቸው። በሦስተኛውም ዙር፣ በዚህ ዜና ውስጥ ብቸኛ የሆነውን አዋጁን አወጀ፦ «ሎት ራም! ያዘኝ!»

ሎት ራምም መሪዋን ጨብጦ አቆማት። ወዲያውም የእህቱን ባዶ እግር አይቶ ፊቱ በራ፤ «ወርዳለች! ጫማዋ የት አለ ታዲያ? ወንዙ ላይ ወርዳ ገፍታለች! ጂጃጂ፣ በሬውም ተለወጠ፣ እርሻው ግን ያው ነው!» ብሎ ለመንደሩ ሁሉ አስነገረ። ዱኒ ቻንድም ቁሩን አወለቀ፣ ከደረቱም ቆቡን አወጣ፣ ተጨማድዶ ነበር፤ ሳይደፋውም በእጁ ያዘው።

ያን ጊዜ ቢምላ ከተቀመጠችበት ሳትወርድ ባዶ እግሯን ወደ ወንድሟ ዘርግታ የመጨረሻውን አዋጅ አወጀች፦ «ፍርዱ ይቆይህ፤ መጀመሪያ ሰላምታ ስጥ። ታላቅህ አይደለሁም?»

በዚያ አገር ታናሽ የታላቁን እግር ዳስሶ ይሳለማልና፣ ሎት ራም እየከፋው ጎንበስ አለ፣ እግሯንም ዳሰሰ፤ ከላይ ዳሰሰ፣ ከታችም ዳሰሰ። ባዶውም የተጫማውም እግሯ ደረቅ ነበረ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ አልነበረበትም። መንደሩም ሁሉ ዓይኑን በሎት ራም እጅ ላይ አድርጎ ይጠብቅ ነበርና ውሸት አልተመቸውም። «ደረቅ ነው» አለ፣ ቃሉም ከድዱ ተነቅሎ እንደ ወጣ ጥርስ ሆነበት። ቢምላም ለባሏ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ወንዙ ላይ መሬት እንዳይነካ እግሬን ጎንዎ ውስጥ ተክዬው ነበር፤ ነገ ሕመሙ ይብሳል፣ ቅቤ እቀባዎታለሁ» አለችው። እርሱም ቆቡን ደፋ፤ ቀና ብሎ ገጠመ።

ጥቂት ቆይቶም ጎልዲ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣ የሞተችውን ስኩተር እየገፋ ደረሰ፤ አማ ግን ከላይዋ አልወረዱም ነበር። እርሱም እያለከለከ የመሞከሪያ ሞተሯን ሊረከብ ሲጠይቅ አማ እንዲህ ብለው አፉን ዘጉት፦ «ግንባሯን ቀይ የተቀባች፣ ጉንጉን ያጠለቀች፣ ሎሚ የረገጠች ሙሽራ ለሌላ ቤት ትዳራለች እንዴ? እናትህ እንዲህ አስተማረችህ? ተቀመጥ፣ ሲዱ ብላ።» ጎልዲም የዱኒ ቻንድ አማት ቅቤ ያፈሰሱበትን ሲዱ በላ፣ ደግሞም ጨመረ፣ ሲጠግብም ያቺው ሞተር እንድትሸጥ ተስማማ።

ዘመነ ስኩተር በዚህ ተፈጸመ። ስኩተሯም ለሎት ራም በስጦታ ተሰጠች፤ እስከ ዛሬም ከወንዙ ላይ ሲገፋት ይታያል፣ መንደሩም ከመታጠፊያው ላይ ሻይ ይጠጣል።

ክብር ለዱኒ ቻንድ ይሁን፣ ለወንዝ ከፋዩ፣ በበጎች መካከል ላልወደቀው፣ የሚስቱን ጫማ ገብሮ የሚስቱን ቃል ላስከበረው፣ ጎኑ በሰማያዊ ሰንበር ለተሸለመው! ሌሎች ነገሥታት እግራቸው መሬት እንዳይነካ ምንጣፍ ይነጠፍላቸዋል፤ የእርሱ ግን ያለ ምንጣፍም አይደርስም።