ሁሉንም የሞከሩት ወይዘሮ ቬርና

ልጆቹን ትምህርት ቤት ከመላክ ይልቅ ቤቱ የሚያስተምር ሰው ባለበት ሰፈር ሁሉ አንዲት ወይዘሮ ቬርና ይኖራሉ። ስማቸው ይለያይ ይሆናል እንጂ ሴትየዋ ያው ናቸው። አንዲት እናት የመማሪያ መጽሐፍ በእጇ ካነሳች፣ ከየት መጡ ሳይባል አጠገቧ ይቆማሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው ያወርዳሉ። ከዚያ ፍርዱ ይሰጣል፦ "እሱን ሞክሬዋለሁ።"

እኛ በምንኖርበት በአሜሪካው የሚዙሪ ገጠር የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቬርና ተትል ናቸው። የፓስተሩ ሚስት ቫን መኪናቸውን ከሩቅ ስታይ መጻሕፍቷን በጠረጴዛ ልብስ ትሸፍናለች ይባላል። ዴሊያ ግን ይህን የሚነግራት ሰው ሳታገኝ ነው፣ በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት ወደሚሸጡበት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የገባችው።

ልጇን ጁኒን ከትምህርት ቤት ካስወጣች ገና ሳምንቷ ነበር። ጁኒ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ ማንበብ ግን አልሆነላትም። ክፍል ውስጥ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ በተባለች ቁጥር ልጆቹ ስለሚስቁባት፣ መጀመሪያ ማንበቡን ተወች፤ ቀጥላ መናገሩን። የዴሊያ ባል ኮልተን "አንቺ ካመንሽበት እኔም አለሁ" አላት። እናቱ ወይዘሮ ሎይስ ግን ቀን ቆረጡ፦ "እስከ ሰኔ አያለሁ። ያኔም ካላነበበች የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ትወጣለች።" ቤቱ የቆመው በእሳቸው መሬት ላይ ስለሆነ ቃላቸው ክብደት አለው።

ዴሊያ ከጠረጴዛው ላይ አንድ መጽሐፍ አነሳች።

"ሞክሬዋለሁ" አሉ ወይዘሮ ቬርና፣ ከእጇ ወስደው ወደ ቦታው እየመለሱ። "ሥዕሉ በዛ። ልጅቷ ድቡን ስታይ ትውላለች እንጂ ፊደሉን መቼ ታያለች?"

ሌላ አነሳች።

"እሱንማ! የግብር ወረቀት ይመስላል። ታስለቅሻታለሽ።"

ሦስተኛውን ዴሊያ ገና በዓይኗ ጨረፍ ስታደርገው ወይዘሮ ቬርና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ታዲያ የትኛውን ልውሰድ፣ እትዬ?"

"አሁን መጣሽልኝ የኔ ልጅ!"

ዴሊያ ከአሸዋ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላት የሞሉበት ሳጥን ተሸክማ ወጣች። ልጅ የሚያነበው በጣቱ ነው ተባለች። በጥቅምት የቫኑ ጥሩምባ ደጇ ላይ ጮኸ፤ ለካ ልጅ የሚያነበው በጆሮው ኖሯል። አዲሱ ሳጥን ዘፈንና ከበሮ ነበረበት። ለገና ደግሞ በእግሩ ሆነ፤ እናትና ልጅ በበረዶ ውስጥ የዛፍ ቅርፊት እየለቀሙ ስም ሲጽፉበት ሰነበቱ። በየካቲት ላቲን መጣ። እሱ በየትኛው አካል እንደሚነበብ አልተነገረም።

ጁኒ አዲስ ሳጥን በገባ ቁጥር፣ ብዙ የታመመ ሰው አዲስ መድኃኒት እንደሚያይ ታየው ነበር። አታለቅስም፤ አትከራከርም። ይህ ነበር ዴሊያን የሚያስፈራት።

በመጋቢት አጋማሽ ወይዘሮ ሎይስ የአትክልት ዘር ይዘው መጡና አንዱን ፓኬት ለጁኒ ሰጧት። "በይ አንብቢልኝ።"

ጁኒ ሥዕሉን አየች። "ካሮት።"

አያቷ በአውራ ጣታቸው ሥዕሉን ሸፈኑ። "ከሥሩስ ምን ይላል?"

ጁኒ የአያቷን አውራ ጣት ታይ ጀመር። ወይዘሮ ሎይስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፓኬቱን ቀስ ብለው መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። "ሰኔ ሩቅ አይደለም፣ ዴሊያ" ብቻ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ወይዘሮ ቬርና ሌላ ሳጥን አቅፈው ደረጃውን ወጡ። "ይኼኛው ግን የኔ ልጅ—"

"ይበቃል እትዬ ቬርና!" ዴሊያ ራሷ በድምፅዋ ደነገጠች፤ ግን አላቆመችም። "ልጄ የእርስዎ መሞከሪያ ናት እንዴ? ሁሉንም ሞክሬዋለሁ፣ ሞክሬዋለሁ ይላሉ። እሺ፣ የትኛው ሠራ? አንዱን ይንገሩኝ!"

ወይዘሮ ቬርና ሳጥኑን አስቀምጠው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ራስል እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ አላነበበም" አሉ።

"የትኛው ራስል? ጋዝ የሚያከፋፍለው ልጅዎ?"

"አራተኛው ልጄ። ሌሎቹ በምንም ቢሆን ያነቡ ነበር። እሱን ነው ያቃተኝ። ሰው ይኼ ይሻላል ባለኝ ቁጥር ገዛሁ። ያን ሁሉ መጽሐፍ የማውቀው ስድስት ልጅ ስላስተማርኩ መሰለሽ? አንዱ ስላላነበበልኝ ነው።"

ዴሊያ አጠገባቸው ተቀመጠች። "በኋላስ በምን አነበበ?"

"አላውቅም። አንድ ጠዋት ለዶሮዎቹ እህል ሊበትን ወጥቶ ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰማሁት። ያኔ የትኛውን መጽሐፍ ይዘን እንደነበር እንኳ አላስታውስም። ባስታውስማ እሱን አንዱን ብቻ ይዤ እዞር ነበር።"

ዴሊያ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ለራሷም አልገባትም። "ሳጥኑ ይመለስ" አለች በመጨረሻ። "እርስዎ ግን ይቆዩ።"

ያን ዕለት ቤት ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ ወለል ላይ ዘርግታ ጁኒን ምረጪ አለቻት። እስከዚያ ቀን ልጅቷን የጠየቃት አልነበረም። ጁኒ ዞራ ዞራ፣ ሽፋኑ የተቀደደ፣ ስለ አንዲት በቅሎ የሚተርክ መጽሐፍ አነሳች።

"ለምን እሱን?"

"ቀጭን ነው። ያልቃል።"

ወይዘሮ ቬርና ፍርድ ሳይሰጡ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ወዲያ በየማክሰኞው ባዶ እጃቸውን እየመጡ ጁኒ አጠገብ ይቀመጡ ጀመር። ስምምነቱ አንድ ነው፤ አፍ አይከፈትም። እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ልጅቷ አንዱን ቃል ስትገፋ ይጠብቃሉ። ዴሊያ እንዲህ ሲሠቃዩ ስታያቸው፣ መጽሐፍ ከእጄ ይወስዱ የነበሩት ሴት እኚህ ናቸው ወይ ብላ ትገረም ነበር።

ሰኔ ሲገባ ቀጭኑ መጽሐፍ ገና አላለቀም ነበር። ወይዘሮ ሎይስ ቃላቸውን አክብረው መጡና ከወይዘሮ ቬርና ጎን ተቀመጡ። ጁኒ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጀመረች። ሁለት መስመር አለፈች፤ ሦስተኛው ላይ ቆመች። ወይዘሮ ሎይስ ሊነግሯት አፋቸውን ከፈት አደረጉ።

ወይዘሮ ቬርና የአያትየዋን ጉልበት ያዝ አደረጉ። "ተዪያት፣ ሎይስ። ታገኘዋለች።"

"እ... እል..." አለች ጁኒ። "እልኸኛ። በቅሎዋ እልኸኛ ነበረች።"

ወይዘሮ ሎይስ ወንበራቸውን ወደ ልጅቷ አስጠጉ። ወይዘሮ ቬርና ግን ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ ብለው ብድግ አሉና፣ ጥርት ያለውን ሰማይ ሊያዩ ወደ በረንዳው ወጡ። ዴሊያ በበሩ መስታወት ጀርባቸውን አየች፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ልትከተላቸው ተነስታ ነበር፤ ጁኒ ገጹን ገልብጣ ስትቀጥል ተመልሳ ተቀመጠች።