ራሱን ማሞገስ ያቃተው ምሩቅ

እስቲ ሰው ድንገት ስለ ራስህ ንገረኝ ቢላችሁ ከየት ትጀምራላችሁ? እኔን መጀመሩ አያስቸግረኝም፤ የሚያስቸግረኝ ማቆሙ ነው። በከተማችን ከሲቀላ ሰፈር ሴቻ ሰፈር የምትመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። ሳይጠሩኝ አቤት፣ ሳይልኩኝ ወዴት የምል። ትምህርት ቤት ይህን ጠባዬን አልወደደውም፤ እኔም ብዙ አልለመንኩትም።

ታደለ ግን ሌላ ነው። ከገረሴ መጥቶ ማኔጅመንት የተመረቀ፣ ሲቀላ የተከራየኋትን ክፍል የሚጋራኝ ጓደኛዬ ነው። በምረቃ ጋዋኑ የተነሳው ፎቶ አባቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እስከ መስቀል ሥራ ካላገኘ ግን ተመልሶ ድንች ሊኮተኩት ለአባቱ ቃል ገብቷል። ድንች አይናቅም። ግን በዚያ ፎቶ ሥር ቁጭ ብሎ ድንች መላጥ እንዴት ይዋጥለት?

ችግሩ እውቀት አይደለም፤ አፉ ነው። እነሱ አገር ሰው በትልልቅ ሰዎች ፊት ራሱን አያመሰግንም፤ ነውር ነው። ጥሩ ከሆንክ ጎረቤት ይናገርልህ። የሥራ ፈታኝ ደግሞ መቼ ጎረቤት ይጠራል? ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው ሲሉት አንገቱን ይደፋል። ደካማ ጎንህስ ሲሉት ማን ያስቁመው!

አፉን ላፍታታለት ብዬ የመኪናው በር ላይ አቆምኩትና ተሳፋሪ ጥራ አልኩት። «ሴቻ የምትሄዱ ካላችሁ... ካልቸኮላችሁ...» አለ በለሆሳስ። ሹፌራችን፣ ይኼ ልጅ ሰው እየጠራ ነው ወይስ መርዶ እያረዳ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

መስቀል ሲቃረብ ሴቻ ያለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ፈልጎ ለፈተና ጠራው። አብሬው ሄድኩ። ደጅ ቆምኩ፤ ጆሮዬን ግን ውስጥ አስገባሁ።

ሥራ አስኪያጇ ጠና ያሉ ሴትዮ ናቸው። ምን ጥሩ ነገር አለህ አሉት። ደገሙለት፤ ሠለሱለት። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ ውጭ የቆመውን ቢጠይቁልኝ» አላቸው።

ገባሁ። ኮፍያዬን አወለቅኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ጢም ባለ መኪና ላይ ሰፊ ቦታ አለ እያልኩ የምምለው ሰውዬ፣ ጥሩ ልጅ ነው ብዬ ደረቅሁ። ለካ እውነት ምላስ ያስራል።

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞሩና አንተስ ይኼን ታውቀዋለህ ወይ አሉት፤ ለቀልድ ይመስለኛል። ታደለ ቀና አለ። ጠዋት ፊቱን እስኪታጠብ ይሳደባል፣ ከታጠበ በኋላ ግን የሰደበውን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ ይጠይቃል አላቸው። ነፍሰ ጡር ዝናብ ላይ ቆማ ካየ፣ ሹፌሩ ቢጮህበትም በሩን አይዘጋም አለ። ሥራ ፈትቼ ቤቱ ስኖር እንግዳ መሆኔን አንድ ቀን አላስታወሰኝም አለ። ቀጠለ። እኔ ይኼ ደግ ሰው ማነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።

ሴትዮዋ ሳቁ። «ይኼን ወያላ እንዲህ ካስወደድከኝ፣ ክፍሎቼን ለእንግዳ ማስወደድማ አያቅትህም። ሰኞ ና።»

መስቀልን ገረሴ የሄደው ሊያከብር ነው፤ ሊኮተኩት አይደለም። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ልጁን ሥራ ያስገባው ማነው እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ስለ ራሴ አልናገርም፤ ነውር ነው። እሱን ጠይቁት። ካልነገራችሁ ግን ወደ እኔ ተመለሱ።