ሥራ የሚገባው ኮት

አቶ ታፈረ ዘሃራን በደላት። ዳር ዳር ማለት አልወድም።

ሰዓት የሚሰርቅ ሰው ሲፈተሽ እጁ ላይ ምንም አይገኝበትም፤ የሚከበረውም ለዚህ ነው። በሬ የሰረቀ ይታሰራል፤ ከሰዓት በኋላውን እንዳለ የሰረቀ ግን አለቃ ይሆናል።

በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬዳዋ ውስጥ እኛ ሴቶቹ ቡና የምንለቅምበት መጋዘን አለቃ አቶ ታፈረ ነበር። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፤ «አቤት» ሳትል የቀረች ወዮላት። ከምሳ በኋላ ደግሞ ኮቱን ወንበሩ ላይ ይሰቅልና ጫቱን ሊቅም ይሄዳል። እስቲ ፍረዱኝ፣ በድሬ ሙቀት ኮት ምን ይሠራል? የእሱ ለብርድ አልተሰፋም፤ ለሥራ ነው የተቀጠረው። አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም።

ዘሃራ አጠገቤ የምትቀመጥ የጀልዴሳ አገር ልጅ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ከነሕፃኗ የምታድረው በዚያችው ሥራ ነበር። ልጁን እህቷ አጥሩ ሥር ታመጣላታለች፤ አጥብታው ሮጣ ትመለሳለች። እጇ ደግሞ እንደ ዶሮ አፍ ነው፣ ሁላችንንም ይቀድማል።

ታፈረ ይህን ሲያይ «ሰዓት ትሰርቃለች፣ ትባረር» ብሎ ለባለመጋዘኑ ለግሪኩ ከሰሳት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው።

ግሪኩ፣ እኛ ሙሴ የምንለው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሊፈርድ መጣ። ኮቱን ሲያይ ታፈረ አለ ብሎ ጆንያዎቹን ተደግፎ ጠበቀ። ኮቱ ዝም አለ። እኛም ቡናው ላይ አቀርቅረን ሳቃችንን ዋጥን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታፈረ ጉንጩን ወጥሮ ገባ። ጆንያ ሲቆጥር መዋሉን ተናገረ፤ ሙሴ የተደገፋቸውን ጆንያዎች መሆኑ ነው። ይህም ሳያንሰው ወደ ዘሃራ ዞሮ፣ «አቦ፣ የሙሴን ሰዓት የምትበላው ይቺ ናት» አለ።

ሙሴ ምን ትያለሽ አላት። እኔ ብሆን ወይ አለቅሳለሁ ወይ እሳደባለሁ፤ ሁለቱም ያስባርራል። እሷ ግን ቀስ ብላ ተነሣች፣ ከቀሚሷ ላይ የታጠቀችውን የሥራ ሽርጧን ፈታች፣ ኮቱ ላይ ደርባ ሰቀለችው። በማግስቱ ስም ሲጠራ «አቤት» ያለችው እሷ ናት፤ የቀረው ኮቱ ነው። ሕፃኑም ከዚያ ወዲያ መጋዘኑ ጥላ ውስጥ ገብቶ ነበር የሚጠባው። ሽርጧን ሰቅላ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦

«ሙሴ፣ እኔ ልጄን ሳጠባ ሽርጤ ይለቅምልኛል፤ ኮቱ ይቆጣጠረው።»