የጋሽ በየነ የጎማ ልብስ

ሰልባጅ መራጭ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ይጎትታል፣ ያሸታል፣ ገልብጦ ስፌቱን ይመረምራል። ልጁን ሲድር እንኳ እንዲህ አያጣራም!

ወናጎ ከተማ ባለው የቡና ማጠቢያ አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ በየነ የዚህ የመራጮች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ቀዝቃዛ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ቆመው ቡናውን ሲያጥቡ ብርዱ ጉልበታቸውን ስለጎዳው ዘንድሮ ሥራውን ሊተዉ ነበር።

በቀደም አብረን ዲላ ገበያ ሄደን ሳለ ከሰልባጁ ክምር ውስጥ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር የጎማ ልብስ መዘዙ። ሲለጥጡት፣ ሲያሸቱት ቆዩና፣ "ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

"ጋሼ፣ ፈረንጆች ሸራ ባለው ጣውላ ላይ ቆመው ቀዝቃዛ ባሕር ላይ በንፋስ ሲነዱ የሚለብሱት ነው" አለ ነጋዴው። "ብርድ አያስገባም።"

"ለዚህ ስንት ይከፈላቸዋል?"

"ኧረ እነሱ ናቸው የሚከፍሉት! ጨዋታ እኮ ነው።"

ጋሽ በየነ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ከዚያ ሳይከራከሩ ገዙት። ሳይከራከሩ! እኔ ያመማቸው መስሎኝ ነበር።

በነጋታው የጀርባውን ዚፕ ወደ ፊት አዙረው ለበሱት፤ የማያዩትን ዚፕ አያምኑማ! ቦዩ ውስጥ ገቡ፣ እኛም ሳቅን። ለምሳ ብንጠራቸው ግን አልወጡም።

"ተዉኝ እባካችሁ" አሉ፣ "እየተጫወትኩ ነው።"