የሂሳብ መጽሐፉ ከዚህ በፊት ከማን ጋር ነበር?

ሐበሻ ሦስት ሆኖ የሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ሊቀመንበር፣ አንዱ አጣሪ ነው። ሹፌሩ ሥራ ይቀይራል። ሊቀመንበሩ በየዓመቱ በጠብ ይወርዳል። አጣሪው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ወንበሩን አይለቅም። አጣሪ ማለት ልጅ ሲታጭ "የማን ልጅ ነው? ጠባዩስ?" ብሎ ሰባት ቤት የሚቆጥር፣ ሰባቱም ቤት የሚደውል ሰው ነው። እናንተም ጋ አለ። የለም ካላችሁ እናንተው ናችሁ።

የሲያትልና የአካባቢዋ ዋና አጣሪ ክብርት እትዬ ደስታነሽ ናቸው። ኤፍ ቢ አይ ሰው ለማጣራት የጣት አሻራ ይፈልጋል፤ ለእትዬ ደስታነሽ የእናትየው ስም ይበቃቸዋል። አንድ ጊዜ ሬንተን ላለች ልጅ ከሚኒያፖሊስ እጮኛ ሲመጣላት፣ ልጁ ገና አውሮፕላን ላይ ሳለ ስምንተኛ ክፍል መድገሙን፣ ከትልቁ አጎቱ ጋር መኳረፉንና የሚነዳው መኪና የወንድሙ መሆኑን ደርሰውበት ነበር። "እኔ ክፉ አልወጣኝም" አሉ ኋላ ሲወቀሱ። "ይጣራ ነው ያልኩት።"

እኔንም አጣርተውኛል። ለባለቤቴ ለሠርካለም ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ፣ ቤተሰቦቿ ጉዳዩን ለእትዬ ደስታነሽ መሩላቸውና ለፋሲካ ማግስት ያሰብነው ሰርግ ወደ መስከረም ተገፋ። ሬኒየር ቢች አብሮኝ ይኖር ለነበረው ለአሕመድ ኮል አደረጉለት። የጠየቁት ስለ ሥራዬ ወይም ስለ ሃይማኖቴ መሰላችሁ? "ዕቃ ያጥባል?" ነው ያሉት። አሕመድ ደግሞ መዋሸት አያውቅበትም፣ ምን ጓደኛ ነው እሱ! "አንዳንዴ" አላቸው። ከዚያ በኋላ ለቤተሰቡ ምን ብለው እንደነገሩ ማንም ትንፍሽ አላለልኝም። ብቻ ተጋባን።

ከተጋባን በኋላም ሴትዮዋ አልለቀቁንም። ሳይደውሉ ከች ይላሉ። ሻይ ይጠጣሉ፣ ፍሪጅ ከፍተው ያያሉ፣ የሁለታችንንም ዓይን ዓይናችንን አይተው ይሄዳሉ። "ምን ፈልገው ነው ግን?" እላለሁ በሩ ሲዘጋ። ሠርካለም ትስቃለች እንጂ አትመልስልኝም።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልምጣ።

ልጃችን ሄለና ስድስተኛ ክፍል ናት። ትንሽ ሳለች ቁጥር ነፍሷ ነበር፤ ከቢከን ሂል ባቡር ስንሳፈር የሰው ጫማ ቆጥራ ለሁለት እያካፈለች ስንት ሰው እንዳለ ትነግረኝ ነበር። አምና አንድ ቀን ግን ቦርሳዋን ወርውራ "ዳድ፣ አይም ጀስት ናት ኤ ማዝ ፐርሰን" አለችኝ። የሂሳብ ሰው አይደለሁም ማለቷ ነው። ገና በአሥራ አንድ ዓመቷ! "ማዝ ፐርሰን" የሚባል ጎሳ አለ እንዴ? እኛ የምናውቀው የሚማታ አስተማሪና የማይማታ አስተማሪ ነው።

ልረዳት ተቀመጥኩ። የቤት ሥራው እንዲህ ይላል፦ ማያ ሦስት አራተኛ ከአምስት ስምንተኛ ይበልጣል አለች፤ ሊያም የለም፣ አይበልጥም አለ። ማን ትክክል ነው? ምክንያቱን አስረዳ። "በቃ አስታርቂያቸውና እራት እንብላ" አልኳት። "ዳድ!" አለች። እኔ በተማርኩበት መንገድ ላሳያት ስሞክር ደግሞ "ዛት ኢዝ ናት ሃው ዊ ዱ ኢት፣ እኛ እንዲህ አንሠራም" ብላ ወረቀቱን ነጠቀችኝ። ይኸውላችሁ፤ እኔ መጽሐፉን አላውቀው፣ መጽሐፉ እኔን አያውቀኝ፣ ልጅቷ መሀል ላይ እንባዋን ትጠርጋለች። ሌላ ሌላውን እችለዋለሁ፤ ልጄ "አልችልም" ማለት ስትለምድ ማየት ግን አልቻልኩም።

በዚህ መሀል መጽሐፉ ሊቀየር ነው ተባለ። የትምህርት ወረዳችን፣ ስሙን አልጠራም ጎረቤት ነን፣ በየጊዜው የሂሳብ መጽሐፍ ይቀይራል። አዲሱ ሲመጣ ኢሜይሉ የፊኛ ሥዕል አለው። አሮጌው ሲሄድ ግን ቀብር እንኳን የለውም። ሠርቶ ነበር? አልሠራም ነበር? ማን ይነግርሃል!

የወላጆች ምሽት ላይ ርእሰ መምህሯ ተነስታ "አዲሱን መጽሐፍ በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ከማኅበረሰቡ አንድ ሰው እንፈልጋለን" ስትል፣ ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። "ትልቅ ውሳኔ ነው" ብላ ጨመረች። "ልጆቻችን ምናልባት ስምንት ዓመት አብረውት ይኖራሉ።" ሳምቡሳ ይዘው የመጡት እትዬ ደስታነሽ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

"ስምንት ዓመት አብረው ሊኖሩ?" አሉ። "ሳይጣራ?" ብለው እጃቸውን አወጡ።

ወረዳው ማንን ቤቱ እንዳስገባ ያን ጊዜ አላወቀም። እሳቸው መኪና ስለማይነዱ አድራሽ መላሽ እኔ ሆንኩ። ስብሰባው ለማንም ክፍት ስለሆነ ከኋላቸው ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ካንዱ አሳታሚ ድርጅት የመጣ፣ ሱፍ የለበሰ ጥርሰ ነጭ ወጣት ብዕርና ቦርሳ እያደለ ዞረ። እትዬ ደስታነሽ ብዕሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ "ሽማግሌው ይህን ያህል ካማረ፣ ሙሽራው አንድ ችግር አለበት" አሉኝ። ከዚያ ቀስ ባለችው እንግሊዝኛቸው ጠየቁት፦

"መጽሐፉ ከዚህ በፊት ከማን ጋር ነበር?"

ወጣቱ ደስ አለው። "አሁን እንኳን ከሦስት መቶ በላይ ወረዳዎች ጋር ነው!"

እትዬ ደስታነሽ ደረታቸውን ያዙ። "ባንድ ጊዜ?"

"አዎ! ባንድ ጊዜ!"

"ወይ ጉድ። የተፋቱትስ?"

ወጣቱ ወደ ወረዳው ሰዎች ዞረ። የወረዳው ሰዎች ወደ ወረቀታቸው ዞሩ። ወጣቱም መጽሐፉን የተዉትን ወረዳዎች የሚያሳይ ዳታ እንደሌለው ተናገረ።

"እውነቱን የሚነግረን እኮ የፈታው ነው" አሉ። "አብሮ ያለውማ ገመናውን ይሸፍናል።"

ቀጥሎ ነጥብ መስጫው ታደለ። ሥዕሎቹ ሁሉንም ዓይነት ልጅ ያሳያሉ? በኮምፒውተር ይከፈታል? የክፍለ ግዛቱን መመሪያ ይከተላል? እትዬ ደስታነሽ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ መልሰው ገለበጡት። "ልጆቹ ሂሳብ ቻሉ ወይ የሚለው የቱ ጋ ነው?" አሉ። ስብሰባውን የምትመራው የወረዳዋ ሴትዮ ቅን ሰው ነች፤ አልዋሸችም። እጃቸው የገባው ጥናት ትንሽ እንደሆነ፣ ከዚያም አብዛኛውን ያስጠኑት አሳታሚዎቹ ራሳቸው እንደሆኑ ነገረቻቸው።

"እህ" አሉ እትዬ ደስታነሽ። "የሙሽራው እናት ምስክርነት።"

ከዚያማ ስልኩ ተጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ሐበሻ የሌለበት የትምህርት ወረዳ ካለ እስቲ ንገሩኝ! ዳላስ፣ አትላንታ፣ ዴንቨር፣ ኮሎምበስ፤ ያልተደወለለት የለም። የወረዳው ባለሙያዎች ሠንጠረዥ ሲሞሉ፣ እሳቸው ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው "ለምን ተለያዩ? ከማን በኩል ነው ጥፋቱ?" እያሉ ነበር።

ታዲያ በዘዴያቸው ብዙ እንዳትመኩ። ኦሃዮ የሚኖሩት አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ስላንዱ መጽሐፍ "ልጄን አስለቀሰው" ስላሏቸው ብቻ፣ ጉባኤ መሀል ቆመው "ይህ ሕፃናት ያስለቅሳል፣ ይውጣ" አሉ፤ ንግግራቸውም በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ኋላ ሲጣራ የአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ልጅ የሚማረው በሌላ መጽሐፍ ነው። ልጁ ደግሞ ብሮኮሊ ሲያይም ያለቅሳል። ያፈሩ መስሎኝ ነበር፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ቀጥ ብለው ተነሱና "ባንድ ሰው ወሬ ስም አጥፍቻለሁ፤ መጽሐፉን ይቅርታ እጠይቃለሁ" አሉ። መጽሐፍ ይቅርታ ሲጠየቅ ያን ቀን አየሁ። የወረዳው ሰዎችም እንዴት መጻፍ እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው ተያዩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ "ሄለናስ?" ይሉኛል ሁልጊዜ።

"ያው ነች። አልችልም ትላለች።"

"እኔስ እሷን ብዬ አይደል" ይላሉ።

ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ሠርካለምም ከሥራ ቀርታ መጣች። መጨረሻ ላይ የቀረው ያው ይቅርታ የተጠየቀው መጽሐፍ ነበር። እትዬ ደስታነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ማይክሮፎኑን ያዙ።

"ይህን መጽሐፍ አጣርቻለሁ" አሉ። "አንድ ቦታ ልጆቹ ወደውታል፣ ሂሳብም ችለዋል። ሌላ ቦታ ዓመት ሳይደፍን አባረውታል። ያው መጽሐፍ ነው! ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ደህና በሆነበት ቦታ፣ አስተማሪዎቹ ክረምቱን ከመጽሐፉ ጋር ከረሙ፤ ትምህርት ሲጀመርም በየሳምንቱ እንዴት ሆናችሁ የሚላቸው ሰው ነበረ። በተባረረበት ቦታ፣ ካርቶኑ የደረሰው ትምህርት ሊከፈት ሲል ነው። አስተማሪዋ ከልጆቹ እኩል ገለጠችው፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያያት የለም።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ስለዚህ መጽሐፉ መካከለኛ ነው። ዝም ካልተባለ ይሆናል።"

አጠገቤ ሠርካለም አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"ምን ሆንሽ?"

"ቆይ፣ እነግርሃለሁ" አለች እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች።

እትዬ ደስታነሽ አልጨረሱም ነበር። "በእኛ ዘንድ ያጋባ ሰው ሲጣሉም ይጠራል። እናንተስ አጋብታችሁ ስታበቁ የምትመለሱት መቼ ነው?"

የወረዳዋ ሴትዮ ወረቀቷን አየች። "ከሦስት ዓመት በኋላ ግምገማ ይደረጋል።"

"ሦስት ዓመት!" አሉ። "እስከዚያማ ይወልዳሉ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መጽሐፉ ተመረጠ። የእትዬ ደስታነሽ ሐሳብ "በምስጋና ተመዝግቧል" ተባለ። በምስጋና የተመዘገበ ነገር የት እንደሚገባ መቼም ታውቃላችሁ።

እሳቸውን አድርሰን ስንመለስ ሠርካለምን ያዝኳት። "ምንድን ነው እንዲያ ያሳቀሽ?"

"ስለ አንተም ለቤተሰቦቼ ያሉት ቃል በቃል ይህንኑ ነው።"

"ምን ብለው?"

"ልጁ መካከለኛ ነው። ዝም ካልተባለ ይሆናል።"

ቀይ መብራት ላይ ነበርን። አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ያለው ጡሩምባውን አምባረቀው፣ እኔ ግን ቆሜያለሁ። መካከለኛ! ያን ሁሉ ወር ሰርጌን አዘግይተው፣ አሕመድን በጥያቄ አድርቀው፣ ውጤቱ መካከለኛ! እስከ ቤት ድረስ ተናደድኩ። መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ነው ሁለተኛው ግማሽ የገባኝ። ዝም ካልተባለ።

ያ ሻይ። ያ ፍሪጅ መክፈት። ከሥራ የተቀነስኩ ሰሞን አንድ ድስት ምስር ወጥ ይዘው መጥተው፣ ስለ ሥራ አንድም ቃል ሳያነሱ ማምሸታቸው። እኔና ሠርካለም የተኳረፍንበት የብርድ ሰሞን ደግሞ አለ፤ እሑድ እሑድ መጥተው ሶፋው ላይ ከመሀላችን ይቀመጡና የማይገባቸውን የአሜሪካ ፉትቦል ያያሉ። "ይሄኛው ለምን ወደቀ? ያኛውስ ለምን ተቆጣ?" እያሉ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ሲጠይቁ፣ እኔ የነገርኳቸውን ሠርካለም "አይደለም" ስትል፣ ሳናውቀው እርስ በርስ መነጋገር ጀመርን። ያኔ "እኚህ ሴትዮ ቤት የላቸውም?" ብዬ ነበር። ለካስ ሥራ ላይ ነበሩ።

መስከረም ላይ አዲሱ መጽሐፍ ከነፊኛው መጣ። እትዬ ደስታነሽም ሐሙስ ሐሙስ ከሬኒየር ቢች ባቡር ይዘው መምጣት ጀመሩ። ወረዳው ካልተመለሰ እኔ እመለሳለሁ ነው ነገሩ። ሄለናን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ አዲስ ሙሽራ እንደሚጠየቀው "እንዴት ይዞሻል?" ይሏታል።

"ኢት ቶክስ ቱ ማች" አለች የመጀመሪያ ቀን።

"መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያወራል፣ ልጄ። እስቲ ምን አለሽ?"

ስለ ክፍልፋይ እትዬ ደስታነሽ ምንም አያውቁም። እኔ ምስክር ነኝ፤ ድፎ ዳቦ እንኳን እኩል መቁረጥ አይችሉም። የሚችሉት መጠየቅ ነው። ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ያደርጉና "ይሄ ለምን?" ይላሉ። ሄለና ትነግራቸዋለች። "እሱስ ለምን?" ይላሉ። ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ፣ ቀሪውን በሥዕል ታስረዳቸዋለች። እሳቸው በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም፤ እሷም እልኸኛ ናት። ባለፈው ሐሙስ ያቺን የአምናዋን የማያና የሊያም ጥያቄ አንስታ፣ ወንበሯ ላይ ቆማ "እማማ! ሦስት አራተኛ እኮ ስድስት ስምንተኛ ነው! ሶ ማያ ኢዝ ራይት!" ስትል ከጓዳ ሰማኋት። "ናት ኤ ማዝ ፐርሰን" የምትለውን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። መጽሐፉ ይሁን ሴትዮዋ ይሁኑ አላውቅም፤ እሱን ለወረዳው ግምገማ ትቼዋለሁ።

ከዚያ እትዬ ደስታነሽ ወደ እኔ ይዞራሉ። "አንተስ?"

ከማጠቢያው ላይ እጄን ከነአረፋው አነሳላቸዋለሁ። ሠርካለም የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤ ረቡዕ ዕቃ አላጥብም። ሆን ብዬ አቆየዋለሁ፣ ሐሙስ ሲመጡ ሥራ ላይ እንዲያገኙኝ።

"መካከለኛ" ይላሉ እትዬ ደስታነሽ፣ ሻያቸውን ፉት ብለው።